የክሊንጎን ጠበቃ

ክሊንጎኖችን በስም የሚያውቅ ሁሉ ጎራዴያቸውን ያውቃል። ባትሌህ ይባላል፤ የጎበጠ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ በየጫፉ ስለት ያለው መሣሪያ ነው። ዳን ከሪ የተባለ የፊልም ባለሙያ ነድፎት በ1990 በ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ድራማ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጄና ጓደኞቹ የክሊንጎን ነገር ሲነሳ የሚያወሩት ስለዚሁ ጎራዴ ነው፤ ስለ ውጊያው፣ ስለ ፉከራው፣ በክብር ስለ መሞት። እኔ የወንጀል ጠበቃ ነኝ። አብሬያቸው ተቀምጬ ስመለከት ዐይኔ የሚሄደው ወደ ክሊንጎኖቹ ችሎት ነው። እዚያ ያየሁትን ነገር ወጣቶቻችን ከጎራዴው አስቀድመው ሊያዩት ይገባል እላለሁ።

ለማያውቃቸው ባጭሩ ልንገር። ጂን ሮደንቤሪ የተባለ አሜሪካዊ በ1966 የጀመረው ስታር ትሬክ ወደፊት በሚመጡ ዘመናት በከዋክብት መካከል ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ክሊንጎኖች በዚያ ዓለም የሚኖሩ ተዋጊ ሕዝብ ናቸው። በ1967 ሲፈጠሩ ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነበርና የሶቪየት ኅብረት አምሳያ ተደርገው ነው የቀረቡት፤ ተንኮለኛ ወራሪዎች፣ ከዚያ ያለፈ ታሪክ የሌላቸው። በኋላ ማርክ ኦክራንድ የተባለ የቋንቋ ምሁር ለ1984ቱ ፊልም ቋንቋ አበጀላቸው፤ በዓመቱ መዝገበ ቃላቱ ታተመ፤ «ሐምሌት»ን ሳይቀር ወደዚያ ቋንቋ የመለሱ ሰዎች አሉ። ይሁንና ባህል፣ ሕግና ኀዘን ሰጥቶ ሰው ያደረጋቸው ከሁሉ በላይ ሮናልድ ሙር የተባለው ጸሐፊ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ታሪኮች አብዛኞቹ የእሱ እጅ ያለባቸው ናቸው።

ክሊንጎን ያለ ቤት ሰው ሆኖ አይቆጠርም። የሞግ ቤት፣ የዱራስ ቤት፣ የማርቶክ ቤት እየተባለ ይጠራል። መሬቱም፣ መርከቡም፣ በከፍተኛው ሸንጎ ላይ ያለው ወንበርም የቤቱ ነው። አባት የሠራው ለልጅ ይቆጠራል፤ ጀግንነቱም ነውሩም። ሴት የቤቱ እመቤት ሆና ማን በጋብቻ እንደሚገባ ትወስናለች፤ በሸንጎው ላይ ግን አትቀመጥም፤ ያለ ልዩ ፈቃድም የቤቱ አለቃ አትሆንም። ሸንጎውን የሚመራው ቻንስለር ይባላል። ሁሉም የሚምሉት በአንድ ጥንታዊ ጀግና፣ ሞሎር የተባለውን ጨካኝ ገዥ ገድሎ ግዛታቸውን ባቆመው በኬይለስ ስም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ወገንን አልንቅም። አባቴ ሲሞት ሬሳውን የተሸከመ፣ ድንኳን የተከለ፣ እናቴን ሌሊት ብቻዋን ያላሳደረ ዘመድ ነው። በሙያዬ ግን ወገን ሌላም ነገር ሲያደርግ አይቻለሁ። በደም ጉዳይ ላይ ምስክር ሆኖ የሚቀርብ ሰው ዐይኑ ያየውን አንደበቱ እንዳይናገረው የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይደለም፤ ፍርሃትም ብቻ አይደለም። ከችሎቱ ወጥቶ ከማን ጋር ይበላል? ልጁን ለማን ይድራል? ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ይህን እያሰበ የቆመን ሰው ዳኛው «እውነቱን ተናገር» ሲለው የሚጠይቀው ትልቅ ነገር ነው። ክሊንጎኖቹን ሳይ የገረመኝ፣ ከእኛ ሀገር ርቀው የሚኖሩ የድራማ ጸሐፊዎች ይህን ጭንቅ እንዲህ ጠልቀው ማየታቸው ነው።

በመጋቢት 1990 የተላለፈውና «የአባት ኃጢአት» የተሰኘው ክፍል ታሪክ ይህ ነው። ዎርፍ በሕፃንነቱ ወላጆቹን ያጣ ክሊንጎን ነው። ኪቶመር በተባለው ሰፈር ሮሙላኖች የሚባሉት ጠላቶቻቸው ድንገት ገብተው 4,000 ክሊንጎኖች ሲፈጁ እሱ ተርፎ ተገኘ፤ ሰርጌይና ሄሌና ሮዠንኮ የተባሉ ሰዎች አሳደጉት። አድጎም ኢንተርፕራይዝ በተባለችው የሰው ልጆች መርከብ ላይ መኮንን ሆነ። ከሕዝቡ ርቆ ስላደገ የአባቶቹን ሥርዓት የተማረው ከመጽሐፍና ከናፍቆት ነው፤ ስለዚህም እዚያው ካደጉት ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። ከሀገር ርቀው ያደጉ ልጆች ያሉት ወላጅ ይህን ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

አንድ ቀን ኩርን የሚባል ክሊንጎን ይመጣና ታናሽ ወንድምህ ነኝ ይለዋል። ሸንጎው ሟቹን አባታቸውን ሞግን የኪቶመርን የመከላከያ ምስጢር ለሮሙላኖች አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ፈርዶበታል። ከሳሹ ዱራስ ነው፤ የኃያል ቤት ልጅ። ዎርፍ የአባቱን ስም ሊያጠራ ወደ ሸንጎው ይሄዳል። በሥርዓቱ መሠረት እንዲህ ያለ ተከሳሽ ራሱ መዋጋት አይፈቀድለትም፤ አጠገቡ የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ኩርን ይቆምለታል። ኩርን ተወግቶ ሲወድቅ የመርከቧ አዛዥ ፒካርድ፣ ባዕድ የሆነው፣ በቦታው ይተካል።

ነገሩን እንደ ሕግ ባለሙያ ልመልከተው። ተከሳሹ የለም፤ ሞቷል። ማስረጃው ሰነድ ነው። የኢንተርፕራይዝ ባለሙያዎች ሰነዱን ሲመረምሩ እንደተነካካ ደረሱበት። ከጭፍጨፋው የተረፈች አንዲት ሴት፣ የዎርፍ ሞግዚት ካሌስት፣ በሕይወት ተገኘች። ይህ በእጁ ያለ ጠበቃ ነጻ ያስወጣል። ነገር ግን ቻንስለሩ ክምፔክ ፒካርድንና ዎርፍን ለብቻ ጠርቶ እውነቱን ይነግራቸዋል፦ ከዳተኛው የዱራስ አባት ጃሮድ ነው፤ ይህንንም እናውቃለን። የዱራስ ቤት ግን ኃያል ነው፤ ቢነካ ግዛታችን እርስ በርሱ ይተላለቃል። ዎርፍ ከሰዎች መካከል ስለሚኖር የአባቱን ስም ሊያስመልስ አይመጣም ብለን ነበር ይላቸዋል።

ይህን ቦታ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። ዳኛው አልተታለለም። ማስረጃ አልጎደለውም። እውነቱን ይዞ ተቀምጧል፤ የሚመዝነው ግን የቤቶቹን ጉልበት ነው። ዎርፍም ለሕዝቡ ሰላምና ለወንድሙ ሕይወት ሲል ውርደቱን ይቀበላል። የሸንጎው አባላት አንድ በአንድ እጃቸውን አጣምረው ጀርባቸውን ያዞሩበታል። ኩርን ማንነቱ እንዲሰወር አብሮ መዞር አለበት፤ ዎርፍ ራሱ አስገድዶ ያዞረዋል።

ስለ ግዛት ሰላም ሲባል የአንድን ሰው ስም መሠዋት ተገቢ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ አንዱ እንደውም ዳኛ ነበር። መልሴን በአንድ ጉዳይ ልንገር፤ ማንነቱ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ትቼዋለሁ። በወጣትነቴ ለአንድ የገጠር ልጅ ጠበቃ ሆኜ ቆሜ ነበር። ገድያለሁ ብሎ እጁን የሰጠ ነው። ፋይሉን ሳነብ ታሪኩ አልገጥም አለኝ፤ ቁስሉና እሱ የቆመበት ቦታ አይገናኙም። ማረሚያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። አጎቴ ቢታሰር ሰባት ነፍስ ይበተናል» አለኝ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ የወሰነው ኖሯል። ቃልህን ለውጥ ብዬ ለመንኩት፤ አልለወጠም። ተፈረደበት። የሟች ወገን ግን ማን እንደተኮሰ ያውቅ ነበርና ለእርቅ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ምንም ቢለፉ ደሙ አልደረቀም። ልጁ ገና ቅጣቱን ሳይጨርስ አጎትየው ተገደለ። ያ ልጅ የታሰረው ለማን ሰላም ነው?

በስታር ትሬክም የሆነው ይኸው ነው። ሸንጎው በሐሰት ፍርድ የገዛው ሰላም ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። በዚያው በ1990 መጨረሻ በተላለፈ ክፍል ክምፔክ በመርዝ ይሞታል። የዎርፍ ልጅ እናት ኬይላር የኪቶመርን መዝገብ ስትመረምር ዱራስ ይገድላታል፤ ዎርፍ ደግሞ ዱራስን ይገድላል። በ1991 ግዛቱ በሁለት ተከፍሎ ይዋጋል፤ በአንድ ወገን አዲሱ ቻንስለር ጋውሮን፣ በሌላው የዱራስ እኅቶች ሉርሳና ቤቶር፣ በሮሙላኖች ስንቅና ትጥቅ። ክምፔክ የፈራው የእርስ በርስ ጦርነት ቀን ተራዘመለት እንጂ አልቀረም። ያውም የከዳተኛው ቤት በመካከሉ ጉልበት እንዲያደራጅ ጊዜ ተሰጠው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ጋውሮን የዱራስን ልጅ ቶራልን ለዎርፍ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ግደለው፣ የክሊንጎን ወግ ነው ይለዋል። ኩርንም ይገፋፋዋል። ዎርፍ እምቢ ይላል። በአባቱ ስም ሲሰቃይ የኖረ ሰው፣ በአባቱ ስም ሌላ ልጅ አልገድልም ይላል። ልጄ ይህን ሲያይ «ለምን ተወው?» ብሎ ተቆጣ። ስለዚያ ጥያቄ ብዙ ተነጋገርን፤ ከእሱ ጋር ስለ ሕግ ካደረግናቸው ጭውውቶች ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር። ቅጣት የአድራጊው ብቻ ነው የሚለው መርሕ በወንጀል ሕጋችን የተጻፈ ነው። መጻፉ ግን ብቻውን ልብ ውስጥ አያስገባውም። አንድ ሰው ጎራዴ ይዞ፣ ጠላቱ እግሩ ሥር ወድቆ፣ ወገኑ ሁሉ በለው እያለው ሲተወው ማየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከበደኝ የኩርን መጨረሻ ነው። በ1995 ጋውሮን ካርዳሲያ የምትባለውን ሀገር ሲወርር ዎርፍ አልተባበርም ይላል። ቤቱ መሬቱንና ማዕረጉን ያጣል፤ ኩርንም ከሸንጎ ወንበሩ ይነሣል። ዎርፍ የፈለገውን አደረገ፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ወንድሙም ነው። በ1996 ኩርን ሰክሮና ተጎሳቁሎ ዎርፍ ወደሚሠራበት የጠፈር ጣቢያ ይመጣና አንድ ነገር ብቻ ይለምነዋል፦ በሥርዓቱ ግደለኝ። ቤት የሌለው ሰው እንዴት እንደሚኖር አያውቅም። ዎርፍ ሊያደርገው ይሞክራል፤ ሰው ደርሶ ያስጥለዋል። በመጨረሻም ሐኪሙ የኩርንን ትዝታ ያጠፋል፤ መልኩን ይለውጣል፤ የአባታቸው የቀድሞ ወዳጅ የሆነ አንድ ሽማግሌ ልጄ ነው ብሎ በሌላ ስም ይወስደዋል። የነቃው ሰው ዎርፍን አያውቀውም፤ የቤተሰባችን ሰው ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ዎርፍ ቤተሰብ የለኝም ብሎ ይመልስለታል።

ይህ ታሪክ ዎርፍን አያመሰግነውም፤ እኔም አላመሰግነውም። የአንድን ሰው ማንነት ሳይጠይቁት ማጥፋት፣ ያውም ለእሱ ተብሎ፣ ከባድ ጥፋት ነው። ጸሐፊዎቹን የማከብራቸው ግን ይህን ስላልሸሸጉት ነው። ለእውነት የቆመ ሰው አብሮት የሚወድቅ ወገን አለው። የደም ጉዳይ ምስክሮቼ ዝም ሲሉ የሚታያቸው ኩርን ነው። እውነቱን ተናገሩ የምንል ሁሉ፣ ጠበቃውም ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም፣ ያንን ወንድም አይተነው መሆን አለበት። የምስክር ጥበቃ ማለት በወረቀት ላይ ያለ አንቀጽ ብቻ ከሆነ፣ የምንጠይቀው ሰው የማይችለውን ነው።

ስለ ክብር የሚወራበት ቤት ውስጥ ገንዘብ እንዳለ የሚያሳየው ደግሞ የ1994ቱ «የኳርክ ቤት» ነው። ኳርክ ነጋዴ ነው፤ ቡና ቤት ያለው፣ ጎራዴ ይዞ የማያውቅ። በአጋጣሚ ከአንዲት ክሊንጎናዊት ባልቴት ከግሪልካ ጋር ይጋባል። ዲጎር የሚባል ባላንጣ የባሏን ቤት ሊወስድ ይፈልጋል፤ ኳርክም የሒሳብ መዝገቡን ሲያገላብጥ ዲጎር ለዓመታት በብድርና በገንዘብ ዘዴ ቤቱን ሲያዳክም እንደኖረ ይደርስበታል። ቁጥሮቹን ሸንጎው ፊት ሲያቀርብ ተዋጊዎቹ ይቆጣሉ፤ ስለ ገንዘብ መስማት ውርደት ነውና። ጉዳዩ ወደ ውጊያ ይሄዳል። ኳርክ ጎራዴውን ይወረውርና እኔ መዋጋት አልችልም፤ ይህ ውጊያ ሳይሆን ግድያ ነው፤ ክብር የምትሉት ይህ ከሆነ ግደሉኝ ይላል። ዲጎር ባዶ እጁን የቆመውን ሰው ለመግደል ጎራዴውን ያነሳል፤ ያኔ ጋውሮን ያስቆመዋል፤ ሸንጎውም ጀርባውን ለዲጎር ያዞራል። መዝገቡን አናይም ያሉት ሰዎች ሌባውን የለዩት ነጋዴው ሕይወቱን መያዣ ሲያደርግ ነው። የመሬት ክርክር ላይ የቆመ ጠበቃ ይህን ታሪክ በደንብ ይረዳዋል። ስለ አባት ርስት ክብር የሚፎከርበት ስንት ክርክር ውስጥ የተጭበረበረ ውል አለ።

ማርቶክን ሳልጠቅስ አላልፍም። ኬታ ከሚባል ቆላ የመጣ፣ ትልቅ ቤት ያልወለደው ወታደር ነው። በወጣትነቱ መኮንን ለመሆን ሲያመለክት ኮር የሚባል ስመ ጥር ጀግና ትውልዱ አይፈቅድም ብሎ ስሙን ሰረዘው። ማርቶክ በመርከብ ላይ የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ቆየ፤ ማዕረጉን ያገኘው በኋላ በጦር ሜዳ ነው። የ1998ቱ ክፍል ኮርን አርጅቶና ተረስቶ ያቀርበዋል፤ ማርቶክ ጄኔራል ሆኗል። ያንን ስም የሰረዘ እጅ ሥራውን እንኳ አያስታውስም። ሰው በትውልዱ ሲመዘን የሚደርሰው ጉዳት እንዲህ ነው፤ የሰረዘው ይረሳል፣ የተሰረዘው ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ይኸው ማርቶክ ነው በ1997 ቤት አልባውን ዎርፍን ወደ ቤቱ አስገብቶ ወንድሜ ያለው። ወገን መልካም ነገር ነው ስል ይህን ማለቴ ነው።

አሁን ከጸሐፊዎቹ ጋር የማልስማማበት ቦታ ደርሻለሁ። በ1999 ጋውሮን በማርቶክ ዝና ቀንቶ ወደማይሆን ጦርነት እየላከ ያስመታዋል፤ ሠራዊቱ በከንቱ ያልቃል። ኤዝሪ ዳክስ የምትባለው የዎርፍ ወዳጅ ማንም ሊነግረው ያልደፈረውን ትነግረዋለች፦ ይህ ግዛት እየሞተ ነው፤ መሞትም የሚገባው ይመስለኛል፤ አንተን የመሰለ ክቡር ሰው እንኳ ብልሹ መሪዎችን እየታገሠ የሚኖር ከሆነ ምን ተስፋ አለው? በዚህ ድራማ ውስጥ እውነት በዚህ ልክ ተነግሮ አያውቅም። ዎርፍ ይሰማታል። ከዚያ በኋላ ግን የሚያደርገው ጋውሮንን ተዋግቶ መግደልና የሥልጣን ካባውን ለማርቶክ ማልበስ ነው።

ልጄና ጓደኞቹ እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። እኔ አላጨበጭብም። ማርቶክን እወደዋለሁ፤ ደግ ገዥ እንደሚሆንም አምናለሁ። ነገር ግን ጎራዴ ጋውሮንን ሲያነሳ ጋውሮንን ያመጣውን ነገር አላነሳውም። ያንኑ ሸንጎ፣ ያንኑ የቤቶች ሚዛን፣ ሰነድ የሚያስነካካውን ያንኑ ፍርሃት ለማርቶክ አስረከበው። ነገ ማርቶክ ሲሞት ጉልበተኛው ማን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በ1990 ዎርፍ ፊት የተዘጋው የፍትሕ በር በ1999ም አልተከፈተም። ችግሩ የችሎት ነበር፤ መልሱ ግን የጎራዴ ሆነ። ይህን ያህል ዓመት በጥንቃቄ የተገነባ ታሪክ የተሻለ መጨረሻ ይገባው ነበር።

የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ብዙ ሰው በማያነሳው ክፍል ውስጥ ነው። በ2003 ዴቪድ ጉድማን የጻፈው «ፍርድ» የተሰኘው ክፍል ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸመው ከዎርፍ ዘመን 200 ዓመት ያህል ቀድሞ ነው። አርቸር የተባለ የሰው ልጅ የመርከብ አዛዥ በክሊንጎን ችሎት ይቀርባል። ክሊንጎኖች ሀብታቸውን ወስደው ለረሀብ ጥለዋቸው ለሄዱ ስደተኞች ምግብ ሰጥቶ፣ አሳልፌም አልሰጣቸውም ብሏል። ክሱ ዐመፀኞችን ረድቷል የሚል ነው። የሚመሰክርበት የጦር አዛዥ ስሙ ዱራስ ነው፤ የዚያው ስም ባለቤት።

ጠበቃው ኮሎስ ይባላል። ሽማግሌ ነው። በመጀመሪያው ቀን አፉን አይከፍትም፤ ምስክሩን አይጠይቅም። ተከሳሹ ለምን ዝም አልክ ሲለው አሠራሩ እንዲህ ነው ይለዋል። እንዲህ ያሉ ጠበቆች አይቻለሁ፤ ከችሎቱ ጋር ስለተላመዱ የሚሸነፉበትን ወንበር ብቻ የሚጠብቁ። በኋላ በእስር ክፍሉ ውስጥ ለአርቸር ስለ ራሱ ይነግረዋል፦ አባቱ አስተማሪ፣ እናቱ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበሩ። ሁሉም ተዋጊ አልነበረም። ዛሬ ግን ወጣቱ ስለት መያዝ እንደቻለ ወደ ተዋጊነት ይሮጣል፤ ክብርም ከእውነተኛ ሥራ ሳይሆን ከሚያፈሱት ደም የሚገኝ ይመስላቸዋል። ፍርድ ቤቶቹም እንዲህ አልነበሩም ይላል።

ይህ ንግግር ስለ ክሊንጎኖች ያለንን ግምት ሁሉ ይገለብጠዋል። ተዋጊነታቸውን የተፈጥሮ ጠባያቸው አድርገን ስናይ ኖረናል። ኮሎስ ግን ይህ የሆነብን ነገር ነው፤ የሆነበትንም ዘመን አስታውሳለሁ ይላል። የአንድ ሕዝብ መምህራንና ተመራማሪዎች ሲረሱ፣ የቀረው ጎራዴ ብቻ ሲሆን፣ የሚወለደው ልጅ ከጎራዴ በቀር ሌላ ቅድመ አያት አያውቅም። የእኛ ልጆች ቅድመ አያቶቻቸውን ሲቆጥሩ አርበኛውን ያስቀድማሉ፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በዚያው ቤት ውስጥ ድጓ ያስተማረ የኔታ፣ ድንበር ተካላዮችን ያስታረቀ ሽማግሌ፣ ሸማ የሸመነ ባለሙያ ነበር። የእነሱን ስም ማን ይጠራል? እኔ ራሴ የአባቴን አባት ጠመንጃ ታሪክ በቃሌ አውቃለሁ፤ እናቱ ስንት ወላድ እንዳዋለደች የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ኮሎስ በማግስቱ ይነሣል። ዱራስን በጥያቄ ያፋጥጠዋል፤ ተከሳሹ ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ እንዲናገር ያደርጋል። አርቸር ጥፋተኛ ከመባል አይድንም፤ ግን ከሞት ተርፎ ሩራ ፔንቴ ወደሚባለው በረዷማ የማዕድን እስር ቤት ይፈረድበታል። ኮሎስ ይህ ፍርድ አይደለም፣ ይህ ችሎት ክብሩን ጥሏል ብሎ ዳኛውን ይጮኽበታል፤ ችሎት ደፍረሃል ተብሎ የአንድ ዓመት እስራት ይበየንበታል፤ ወደዚያው ወደ ሩራ ፔንቴ። ኮሎስን የተጫወተው ጄ. ጂ. ኸርትዝለር ነው፤ ማርቶክን የተጫወተውም እሱ። በጎራዴ ሥልጣን ላይ የወጣው ሰውና በአንደበቱ ምክንያት እስር ቤት የወረደው ሰው አንድ ድምፅ አላቸው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

በእስር ቤቱ የአርቸር ባልደረቦች ጉቦ ከፍለው ሊያስወጡት ይመጣሉ። አርቸር ኮሎስን አብረን እንሂድ ይለዋል። ኮሎስ አልሄድም ይላል። ሽማግሌ ነው፤ ቦታው ሊገድለው ይችላል። ልጄ ይህን ሲያይ ሞኝ ነው አለ። ኮሎስ ግን ምክንያቱን ይናገራል፦ ሸሽቼ ብሄድ ለሕዝቤ የምለው ነገር አይሰማም።

ለልጄ የነገርኩት ይህን ነው። የሸሸ ጠበቃ የሚናገረው ሁሉ የሽሽቱ ማሳበቢያ ተደርጎ ይወሰዳል። ቅጣቱን ጨርሶ የሚመለስ ሰው ግን ካባውን ለብሶ በዚያው ችሎት ፊት ሲቆም፣ ያ ዳኛ፣ ያ ዐቃቤ ሕግ፣ ያ ዱራስ የማን ድምፅ እንደሚሰሙ ያውቃሉ። ልጄ አልተስማማም፤ ዓመቱን ቢተርፍስ ማን የጠበቃ ካባውን ይመልስለታል ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ድራማውም አይመልሰውም። የውጭ ድራማ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጣቢያዎቻችን ይህን ክፍል ቢያሳዩ፣ ከእኔ ቤት ውጭም ብዙ ወጣት ከአባቱ ጋር በዚህ ጥያቄ ይከራከር ነበር።